ወፎቹን ሳናባርር ተራራውን ለሰው እንዴት እንክፈት? ለደሴና ለኮምቦልቻ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ የሚኖር ሰው ጋጋኖን ለማየት መኪና አይከራይም። ጠዋት በጣሪያ ላይ እየጮኸች የምታልፈው፣ ረጅም ቆልማማ መንቁር ያላት ወፍ እሷ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የለችም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ባለ ወፍራም መንቁር ቁራም ከአፍሪካ ቀንድ አይወጣም። ወደ ገደሉ ቀና ካላችሁ ደግሞ አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ድንጋይ ላይ የሚለቀውን ትልቁን አሞራ ልታዩ ትችላላችሁ። የሌላ አገር ወፍ ወዳዶች እነዚህን ለማየት ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ።

ጦሳን፣ አዝዋ ገደልን፣ የጎፍን ጫካ፣ ሐይቅን ለእግር ጉዞና ለወፍ እይታ መክፈት የሚያስብ ወጣት ጥቂት አይደለም። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ሳይታሰብበት የተከፈተ ገደል በጥቂት ዓመት ውስጥ ወፍ አልባ ሊሆን ይችላል። ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ተራራም አይተርፍም። ሰው የማያውቀውን ነገር አይጠብቅም፤ ጠባቂ የሌለው ጫካ ደግሞ መጥረቢያ አያጣም።

እኔ የማምንበት መንገድ ቦታን ከመዝጋት ጊዜን መዝጋት ነው። ወፍ ዓመቱን ሙሉ እኩል ስጋት ላይ አይደለችም። የምትጎዳባቸው ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት ከጎጆዋ መራቅ፣ በቀረው ጊዜ በሥርዓት መግባት ይቻላል። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ገበሬው ሣሩን ይከልላል፤ ሲደርስ ይከፍታል። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዘመናት ቄሮ በሚባል የጋራ መስክ አጠባበቅ ሥርዓት መስኩን እየዘጋና እየከፈተ ኖሯል። አንዳንዴ ለዓመታት ይዘጉትና በበጋ ለጥቂት ወራት ብቻ ይከፍቱት ነበር። ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ እዚያ መኖሩ የዚህ ውጤት ነው።

መመሪያው ለወጣት ማኅበራት፣ ለትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባት፣ ለአስጎብኚዎችና ለቀበሌ ሰዎች ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በተለይ የመጀመሪያውን ደረጃ አትዝለሉ።

1. ቀድሞ እዚያ ያለውን ሰው አነጋግሩ

«ለሕዝብ መክፈት» ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ካሜራ ያንጠለጠለ ቱሪስት ነው። ተራራው ግን ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። እረኛ አለ። ጭራሮ ለቅማ ሰኞ ገበያ የምትሸጥ እናት አለች። ሣር አጫጅ አለ። ጠበል የሚሄድ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ መቃብሩ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ ጨፋ ረግረግ ላይ በበጋ ከአፋር በኩል ከብት ይዞ የሚመጣ አርብቶ አደር አለ። መጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው።

አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ባነር ሰቅላችሁ ስብሰባ አትጥሩ። ቅሬው (የሠፈሩ እድር) በሚሰበሰብበት ቀን ሂዱ። የቅሬውን ዳኛ ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ የቅሬው ጉዳይ ሲያልቅ ጥቂት ደቂቃ አይነፍጓችሁም። ሴቶቹን ለብቻ አነጋግሩ፤ እንጨትና ውኃ የሚያመላልሱት እነሱ ስለሆኑ መንገዱን ከወንዶቹ ይልቅ ያውቁታል። በቃሉና በጨፋ በኩል ከሆነ ደግሞ አበጋሮችን፣ የዕርቅ ሽማግሌዎቹን፣ ሳትይዙ አትነሡ። የግጦሽ ጠብ የሚበርደው በእነሱ ነው፤ አዲስ ክልከላም ቃላቸው ካልተጨመረበት አይጸናም።

ጥያቄያችሁ ቀላል ይሁን። «አባባ፣ ከብቶቹን ወደዚህ የሚያወጡት በየትኛው ወር ነው?» «ያ ትልቁ አሞራ የት ያድራል? ድሮም እዚያው ነበር?» «እትዬ፣ ይቺ መንገድ ለሁለት ወር ብትዘጋ በየት ይዞራሉ?» መልሱን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው የራሳችሁን ሐሳብ የምትናገሩት።

አንድ ነገር ላይ ልቤ አይታገሥም። ጭራሮ የለቀመችን እናት አባርሮ ብር የከፈለን እንግዳ እዚያው ቦታ ማስገባት ግፍ ነው። ደግሞም አይሠራም። የተገፋ ሰው ሌሊት ይመጣል፤ ሌሊት የመጣ ሰው ደግሞ የወፍ ጎጆ አይታየውም። የተዘጋ ወር ለሁሉም የተዘጋ ይሁን። ልዩነት መኖሩ ግድ ከሆነ ለነዋሪው ይድላ።

የቀበሌውን ደብዳቤም በዚሁ ጊዜ አውጡ። ጦርነት ባለፈበት አገር አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንጠልጥሎ ተራራ ላይ መቆም ያስጠረጥራል። የምትሄዱበትን ቀን ለሚሊሻውም ለእረኞቹም አስቀድማችሁ ንገሩ። የጸጥታው ሁኔታ ካልፈቀደ ቅሩ። ከተረገጠ መንገድ አትውጡ፤ መሬት ላይ ያያችሁትን ያልታወቀ ብረት አትንኩ፤ ቦታውን አስታውሳችሁ ለፖሊስ ተናገሩ።

2. ምን እንዳለ እወቁ

ወፎቹ የት እንደሚያድሩ፣ የት እንደሚበሉ፣ የት እንደሚፈለፍሉ ሳይታወቅ መንገድ አይቀየስም። የሚያስፈልጋችሁ መነጽር፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። የሚቻል ከሆነ አንድ ዓመት ተመልከቱ። ካልተቻለ በመስከረም፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ ቢያንስ አንዳንድ ሳምንት መድቡ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪዎች ጋር ብትሠሩ ለእናንተም ለእነሱም ይጠቅማል።

ገደል ላይ ጎጆ ለመፈለግ ገደል አትውጡ። ከታች ሆናችሁ ድንጋዩን በመነጽር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ነጭ ኩስ ከአንድ ጠርዝ ሥር እንደ ጅረት ወርዶ ካያችሁ እዚያ ወፍ ያድራል ወይም ይፈለፍላል። አዲስ ኩስ ደማቅ ነጭ ነው። የቆየው ዝናብ አጥቦት ግራጫ ይሆናል። ከኩሱ በላይ ጎድጎድ ያለ፣ በጣሪያ መልክ ድንጋይ የከደነው ቦታ ፈልጉ። ቅርንጫፍ፣ የበግ ጠጉር፣ ጨርቅ ተቆልሎ ከታየ የአጥንት ሰባሪው አሞራ ጎጆ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሌላም ምልክት አለ። ከገደሉ ብዙ ሳይርቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተሰባበረ አጥንት ተበትኖ ታገኛላችሁ። አሞራው አጥንቱን ይዞ ይወጣል፣ ይለቀዋል፣ ካልተሰበረ ደግሞ ያነሣዋል። ምግቡ በአብዛኛው አጥንትና መቅኔ ነው።

ሌሎቹን ጥንብ አንሶችም አትናቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ጥንብ አንሶች አራት ዝርያዎች በአንድ ጊዜ ለመጥፋት እጅግ ተቃርበዋል በሚለው የመጨረሻው ደረጃ ተመድበዋል። ከአራቱ አንዷ ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የምናያት፣ ኮፍያ ያጠለቀች የምትመስለው ትንሿ ጥንብ አንሳ ናት። ሌላው፣ ገደል ላይ በማኅበር የሚፈለፍለው የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው። ዓይናችን ስለለመዳቸው የተትረፈረፉ ይመስለናል። በየሠፈሩ ለውሻ የሚጣል መርዝ የሞተውን ውሻ የሚበላ አሞራን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የምትከፍቱት ተራራ አጠገብ መርዝ የሚጣል ከሆነ መንገድ ከመቀየሳችሁ በፊት እሱን አስቁሙ።

እንደ የጎፍ ባለ የጥድ ጫካ ውስጥ በጆሮ ነው የሚሠራው። ማለዳ ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ድምፅ የሰማችሁበትን አቅጣጫ ጻፉ። ያረጀ፣ የተቦረቦረ ዛፍ ስታገኙ ምልክት አድርጉበት፤ ቆርቁራ የምትኖር ወፍ ቤቷ እዚያ ነው። ማገዶ የሚመስለው ደረቅ ግንድ ብዙ ጊዜ ከለምለሙ ዛፍ ይልቅ ለወፍ ይጠቅማል። ሾላና ሌላ ፍሬ ያለበትን ቦታ ለይታችሁ ያዙ።

3. የወፏን ዓመት በ13ቱ ወር ላይ ጻፉ

ትልቅ ወረቀት ላይ 13 ሳጥን ሥሩ። ከላይ የወፎቹን ጊዜ፣ ከታች የሰውን ጊዜ ሙሉ። ሁለቱ የሚጋጩበት ወር የሥራችሁ ዋና ቦታ ነው።

ከአጥንት ሰባሪው እንጀምር። በኢትዮጵያ ደጋ የመራቢያው ጊዜ በግምት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። እናትና አባት እንቁላሉን እየተፈራረቁ ወደ ሁለት ወር ገደማ ይታቀፋሉ። ጫጩቱ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ደግሞ አራት ወር ያህል ይፈጃል። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጣላል፤ የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። አስቡት፤ ለአንድ ጫጩት ግማሽ ዓመት። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማለዳ፣ የደሴ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ ሰው ከገደሉ አናት ቆሞ ሲጮኽ ወላጁ ይነሣል። እንቁላሉ ይበርዳል። ቁራውም ይህን አጋጣሚ አያሳልፍም። ያ ጎጆ ለዚያ ዓመት አለቀለት ማለት ነው።

የሰውን ጊዜ ደግሞ እዩ። ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የሰርግ ወር አለ። ሙሽሮች ለቪዲዮ፣ ወጣቱ ለፎቶ፣ ተማሪው ለሽርሽር የሚወጣው በዚሁ በበጋ ነው። ገደል ላይ ያለው ግጭት እንግዲህ በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም፤ በየዓመቱ በዚሁ ወቅት ይደገማል። ሰውን በበጋ ከተራራው ማስቀረት አይቻልም። ከጎጆው ፊትና ከጎጆው አናት ግን ማስቀረት ይቻላል።

ጋጋኖ ነገሩ ሌላ ነው። እሷም ገደል ትወዳለች፤ በማኅበር ታድራለች፣ በማኅበር ትፈለፍላለች። የምትፈለፍለው ግን ይበልጡን ከበልግ ጀምሮ ባለው የዝናብ ወቅት ነው። የጫካ ወፎችም ብዙዎቹ ዝናቡን ተከትለው ነው ጎጆ የሚሠሩት። በዚህ ጊዜ ቱሪስት የለም። ሣር አጫጅና ከብት ግን አለ። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ አለ። ጅራፍ ገደል ሥር ሲጮኽ የተኩስ ያህል ያስተጋባል። ልጆቹን ጅራፍ አትከልክሉ፤ ቡሄ ያለ ጅራፍ አይሆንም። ከጋጋኖው ገደል ራቅ ያለ ሜዳ ምረጡና እዚያ እንዲጫወቱ አድርጉ።

ረግረግና ሐይቅ ዳር ሁለት ዓይነት ወፍ አለ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት በመስከረም ገደማ ይገባሉ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። እነዚህ እዚህ አይፈለፍሉም። የሚፈልጉት ሳይረበሹ መብላትና ለመንገዳቸው ስብ መያዝ ነው። ነዋሪዎቹ ግን ፊላና ሸምበቆ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ፤ ለብዙዎቹ ክረምቱ ዋና ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። በዓለም እጅግ ብርቅ ከሚባሉት አንዷ የሆነችው ነጭ ክንፏ ትንሽ የረግረግ ወፍ በክረምት እዚያ ሣር ውስጥ ትፈለፍላለች። ያገሩ ሰው ተደራጅቶ በመራቢያዋ ወቅት ከብት ወደ ረግረጉ እንዳይገባ ይጠብቃል። ሰዎቹ ረግረጉን ለዘላለም አልተዉትም። ጊዜውን ነው የለወጡት።

4. ቦታውን ሦስት ክፈሉት

የመጀመሪያው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለማንም ክፍት ይሁን። ሰፊና ቆንጆ ቦታ ምረጡለት። ለከተማው ሰው የተረፈውን ጥጋት ሰጥታችሁ ምርጡን ከደበቃችሁ ማንም አይሰማችሁም። ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ፣ ፎቶ የሚያምርበት፣ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ ይኑረው። ሰው የሚመጣው በአብዛኛው ለእይታው እንጂ ለወፍ አይደለም፤ እይታውን ካገኘ ወደ ጎጆው የሚወስደው ነገር የለም።

ሁለተኛው በአስጎብኚ ብቻ የሚገባበት ነው። ቡድኑ ከስምንት ሰው ባይበልጥ እመርጣለሁ። ከዚያ ከበዛ ወሬው አይቆምም።

ሦስተኛው በመራቢያ ወራት የሚዘጋው ነው። ትልልቅ የገደል አሞሮች ለሚፈለፍሉበት ጎጆ ከ500 ሜትር የማያንስ ርቀት በመተው ጀምሩ። ከጎጆው አናት የሚያልፍ መንገድ ካለ አዙሩት። ወፍ ከታች ያለን ሰው ከላይ ከቆመ ሰው ይልቅ ትታገሣለች፤ ከአናቷ የመጣ ነገር ያስደነግጣታል። ስለዚህ መመልከቻው ሁልጊዜ ከሸለቆው በኩል፣ ከጎጆው ዝቅ ብሎ ይሁን።

ድንበሩን በሚታወቅ ነገር አስይዙ። «ከትልቁ ወይራ እስከ ምንጩ» የሚል ቃል ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ይታወሳል። ድንጋይ ላይ ቀለም አትቀቡ። የብረት ምልክት ብትተክሉ ቆራሌው ጋ ይደርሳል። የባሕር ዛፍ አጠና ላይ የተቸነከረ ጣውላ ይበቃል። ጽሑፉ ክልከላ ብቻ አይሁን፤ ምክንያቱንና የሚከፈትበትን ወር ይንገር። «ከጥቅምት እስከ ግንቦት እዚህ ጫጩት ስላለ በግራው መንገድ እለፉ» ብትሉ ሰው ያልፋል። «መግባት ክልክል ነው» ብቻ ብትሉ ግን ምን እንዳለ ለማየት ይገባል። ጎጆው በትክክል የት እንዳለ ግን ምልክቱ አይናገር።

ስለ ቅጣት አዲስ ሕግ ራሳችሁ አትፍጠሩ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። ከወረዳው ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የቀረውን በቅሬው ስምምነት ጨርሱት።

5. ርቀቱን ከወፏ ተማሩ

መጽሐፍ ላይ ያለ ቁጥር መነሻ ነው። የእናንተ ወፍ ስንት ሜትር እንደምትፈልግ የምትነግራችሁ ራሷ ናት። ቦሩ ሜዳ ዓይነት ሜዳ ላይ የሚለቅሙ ጋጋኖዎችን መለማመጃ አድርጓቸው፤ ጎጆ ላይ ያለን ወፍ ግን በዚህ መንገድ እንዳትፈትኑ።

ከሩቅ ጀምራችሁ በቀስታ ተራመዱ። ጋጋኖዋ መንቁሯን አፈር ውስጥ እየሰካች ትል ትፈልጋለች። መጀመሪያ የምታዩት ለውጥ አንገት ነው። መልቀሟን አቁማ አንገቷን ታቀናለች። እዚህ ላይ ቁሙና ርቀቱን በእርምጃ ገምታችሁ ጻፉ። ትንሽ ከቆማችሁ ወደ ትሏ ትመለስ ይሆናል። ከቀጠላችሁ ግን በእግሯ ፈቀቅ ማለት ትጀምራለች። ቀጥሎ ጎንበስ ብላ ክንፏን ከጎኗ ላላ ታደርጋለች። ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ከጨመራችሁ እየጮኸች ትነሣለች፤ መንጋው ሁሉ ይከተላታል።

ብዙ ሰው መብረሯን ነው እንደ ገደብ የሚቆጥረው። ገደቡ አንገቷን ያቀናችበት ነው። ያን ርቀት እጥፍ አድርጋችሁ መንገዳችሁን ከዚያ ውጪ አሳልፉ። ልኬቱን በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ሰው ቁጥር ደጋግሙ። እረኛው ልጅ በአጠገቧ ሲያልፍ ዝም ብላ እናንተ ስትመጡ የምትነሣ ከሆነ አትገረሙ። እሱን ታውቀዋለች።

6. መንገዱንና መመልከቻውን ሥሩ

አዲስ መንገድ አትቅደዱ። የከብት መንገድ ካለ እሱን አቅኑ። ዳገቱ ላይ ጠመዝማዛ ይሁን፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በአንድ ክረምት ቦይ ይሆናል። በየመሐሉ ውኃ የሚያወጣ የድንጋይ እርከን አድርጉ። ሰማይ ጠርዝ ላይ የሚያልፍ መንገድን አስወግዱ፤ ጀርባው ሰማይ የሆነ ሰው ከሩቅ ጎልቶ ይታያል። በስተጀርባችሁ ቁጥቋጦ ወይም ገመገም ካለ ግን ትደበዝዛላችሁ።

ሐይቅ ዳርና ረግረግ ላይ ዳስ ሥሩ። አራት አጠና፣ ማገር፣ ከፊት የሸምበቆ ግድግዳ፣ ለቆመና ለተቀመጠ ሰው የሚሆን ቀዳዳ። ከዳሱ ይልቅ የሚረሳው ወደ ዳሱ የሚወስደው መንገድ ነው። እሱም በሸምበቆ ካልተጋረደ ሰው ገና ሲመጣ ወፉ ሁሉ ተነሥቶ ባዶ ውኃ ያያል። ማለዳ የሚታይ ከሆነ ፀሐይ ከኋላችሁ እንድትሆን ዳሱን ከምሥራቅ በኩል አቁሙ። ለዳሱ የሚሆነውን ሸምበቆ ከዚያው ከወፎቹ ሸምበቆ አትጨዱ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ በኩል ከሆናችሁ ገዳሙ የራሱ ሥርዓት እንዳለው አትርሱ። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። አባቶችን ሳታስፈቅዱ በግቢው ዙሪያ መመልከቻ አይተከልም። ለሁሉም የሚሆነውን ዳስ ከሐይቁ በሌላው ዳር አድርጉት።

7. ጎብኚው ከመግባቱ በፊት የሚነገረው

አጭር ይሁን። በር ላይ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

- የወፍ ድምፅ በስልክ አታጫውቱ። ወንዱ ጠላት የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ይዋጋል፤ የሌለ ጠላት ሲፈልግ ይውላል።
- ጎጆ ላይ ፍላሽ የለም፤ ቅጠል ገለጥ አድርጎ ማንሣትም የለም።
- ድሮን የለም። ለአሞራ ድሮን ሌላ አሞራ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማስነሣቱም በሕግ ያስጠይቃል።
- ውሻ፣ ወንጭፍ፣ የሙዚቃ ስፒከር እታች ይቅር።
- ያመጣችሁትን ፌስታልና ሃይላንድ ይዛችሁ ውረዱ።

8. የሚነገረውንና የማይነገረውን ለዩ

ዛሬ ጎጆን ከመጥረቢያ እኩል የሚያሰጋው አንድ ቪዲዮ ነው። ቲክቶክ ላይ የወጣ የገደል ጎጆ በሳምንቱ ሃያ ወጣት ሊያመጣ ይችላል። አንዱም ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ሁሉም ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይፈልጋል።

ስለዚህ ሦስት ልማድ ያዙ። አንደኛ፣ ካሜራችሁ ላይ ሎኬሽን አጥፉ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ በተለመደው መንገድ ስትልኩ የቦታው መረጃ ይወገዳል፤ በፋይል መልክ ስትልኩት ግን አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የጎጆ ፎቶ ጫጩቱ በርሮ እስኪወጣ አትለጥፉ። ስትለጥፉም «ደቡብ ወሎ» ማለት ይበቃል። ከኋላ የሚታየው የገደል ቅርጽ ያገሩን ሰው ቀጥታ ወደ ቦታው ይመራዋል፤ ቆርጣችሁ አውጡት። ሦስተኛ፣ የጎጆዎቹን ዝርዝር የያዘው ደብተር ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው እጅ አይውጣ። ኢበርድ ላይ የምትመዘግቡ ከሆነ መተግበሪያው የአንዳንድ ስስ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ይደብቃል፤ የጎጆን ነገር ግን ራሳችሁ አለመጻፍ ነው።

በዚህ ፈንታ ክፍት የሆነውን ክፍል በደንብ አስተዋውቁ። ስለ ጋጋኖና ስለ ቁራ የፈለጋችሁትን ያህል አውሩ። ሰው ሲያውቃቸው ይወዳቸዋል።

9. ገንዘቡንና ልጆቹን በጥንቃቄ ያዙ

እረኞቹ ልጆች ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ይከፈላቸው። ግን «ጎጆ ላሳየኝ ይህን ያህል» ብላችሁ በጭራሽ አትክፈሉ። ያን ቀን ጎጆ ፈላጊ ታደርጓቸዋላችሁ፤ ወፍ ለማስነሣት ድንጋይ መወርወርም ይመጣል። በቀን ክፈሉ። ወፍ ታየም አልታየም ያው ይሁን። የሚከፈላቸው ለመጠበቃቸው እንጂ ለማሳየታቸው እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ግልጽ አድርጉ። በትምህርት ሰዓት ግን አታሠሯቸው።

የመግቢያው ገንዘብ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ውስጥ ይግባ፤ አንዱ ፈራሚ ከቅሬው ይሁን። በቴሌብር የሚከፈል ቢሆን ወሬ ይቀንሳል። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ቅሬው ላይ አንብቡ። የመጀመሪያው ወጪ ለነዋሪው ዓይን የሚታይ ነገር ይሁን፤ ምንጭ ማጎልበት፣ የተጎዳ መንገድ መጠገን። መስኩ የተዘጋበት ገበሬ በምላሹ ምን አገኘ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊኖራችሁ ይገባል። የታጨደ ሣር ድርሻ ብዙ ጊዜ ከብር ይሻላል።

10. መቼ እንደምትዘጉ ከመክፈታችሁ በፊት ተስማሙ

አንድ ደብተር መመልከቻው ላይ ይቀመጥ። አስጎብኚው በየጉብኝቱ ቀኑን፣ የሰዉን ብዛት፣ የታየውን ወፍና ወፍ የተነሣበትን ጊዜ ይጻፍ። ከዚያ በላይ አታብዙት፤ የበዛ ቅጽ አይሞላም።

የሚያስዘጋውን ነገር አሁኑኑ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦ የታቀፈ ወላጅ በሰው ምክንያት ከጎጆ ሲነሣ ከታየ መንገዱ በዚያው ቀን ይዘጋል። በተከታታይ ሁለት በጋ ጎጆው ባዶ ከሆነ በሦስተኛው ዓመት ርቀቱ ይጨመራል። ጫጩቱ መብረሩ ከተረጋገጠ ግንቦት ባይደርስም ይከፈታል። ይህ የመጨረሻው ለሰው ትልቅ ነገር ነው፤ የተባለው ሲፈጸም ያያል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲዘጋ አይከራከራችሁም። ውሳኔው የአንድ ሰው አይሁን፤ አስጎብኚው፣ የቅሬው ተወካይና ወፎቹን የሚከታተለው ሰው አብረው ይወስኑ። ስብሰባው መስከረም ላይ፣ የገደሉ አሞራ ጎጆውን ማደስ ሳይጀምር ይደረግ።

መንገዱ በተዘጋ ቀን ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣ ሰው በር ላይ ሊያኮርፍ ይችላል። ባዶ እጁን አትመልሱት። ወደ ሸለቆው መመልከቻ ውሰዱት፤ መነጽሩን ስጡት፤ ወላጆቹ ሲፈራረቁ የሚታይበትን ሰዓት ንገሩት። ልጆች ይዞ ከሆነ የአጥንት ስባሪ ያለበትን ድንጋይ አሳዩአቸው፤ ከጎጆው ሩቅ የሆነውን መርጣችሁ። ከመሄዱ በፊት ስልኩን ተቀበሉና መዝግቡት፤ ጫጩቱ የበረረ ዕለት ደውሉለት።